በዲሴምበር እኩለ ቀን ፔንግዊን ለማየት አትሂዱ

ፔንግዊን ለማየት አንታርክቲካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከኬፕታውን በስተደቡብ ሳይመንስ ታውን የምትባል የባሕር ኃይል ከተማ አለች። እዚያ ቦልደርስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ የአፍሪካ ፔንግዊኖች እንደልባቸው ይኖራሉ። የቪዛው፣ የበረራውና የሆቴሉ ነገር እንደማንኛውም ጉዞ ስለሆነ እዘለዋለሁ። የምጽፈው ማንም ያልነገረኝን ነው።

የገዛሁት ጉብኝት ባሕረ ገብ መሬቱን በሙሉ በአንድ ቀን የሚያዞር ነበር። በጠዋት ከሆቴል ያነሱሃል፣ ሚኒባስ ውስጥ ያጭቁሃል፣ እየወረድክ ፎቶ ታነሳለህ፣ ትሳፈራለህ። ፔንግዊኖቹ ጋ የሚያደርሱህ ልክ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከዚህ የባሰ ሰዓት ደግሞ የለም። ጤነኛ ጎልማሳ ፔንግዊን ጠዋት ባሕር ይገባል። ሳርዲንና አንቾቪ ሲያድን ውሎ የሚመለሰው ወደ ማታ ነው። ቀትር ላይ ፎክሲ በሚባለው ዳርቻ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ቆሜ በብዛት ያየሁት የሰው ማጅራት ነው።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። ያናደደኝ የአስጎብኚው ነገር ነው።

ወሩ ዲሴምበር ነው። አሸዋው ላይ የቀሩት ፔንግዊኖች ደግሞ ለዓይን የሚያሳዝኑ ነበሩ። ላባቸው ተቦጫጭቆ፣ እዚህም እዚያም ተንጠልጥሎ፣ ፈዘው ቆመዋል። አንዲት ሴትዮ ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀች። አስጎብኚያችን ምንም ሳያቅማማ "ታመዋል፣ የወፍ ጉንፋን ነው" አላት። ሰዉ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ ደግሞ ቪዲዮ ለሚቀርጹት ብሎ እያጨበጨበ ያፏጭ ጀመር። ወደ ውኃው እንዲሮጡለት ነው! የታመሙ መስሎት ከሆነ የታመመን ማስሮጥ ምን የሚሉት ነው? ተው ብለው "ለምደውታል" አለኝ።

አልታመሙም። ላባ እየቀየሩ ነው። ሌሎች ወፎች ላባቸውን ቀስ በቀስ ነው የሚቀይሩት፤ ፔንግዊን ግን በዓመት አንዴ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያራግፋል። አዲሱ ከሥር እየበቀለ አሮጌውን ይገፋዋል። ይህ ወደ 3 ሳምንት ይፈጃል። እስኪያልቅ ድረስ ላባው ውኃ ስለማይከላከል ባሕሩ ቅዝቃዜ ውስጥ መግባት አይችልም። ካልገባ ደግሞ ዓሣ የለም። ስለዚህ አስቀድሞ በልቶ ይወፍርና ያን ሁሉ ጊዜ በጾም ይቆማል። የቆመው ሰንፎ አይደለም፤ ያከማቸውን ስብ እየቆጠበ ነው። ያጨበጨቡበት ፔንግዊን የሚሮጠው ከዚያ ከሚቆጥበው ላይ ነው። ቦልደርስ ላይ ይህ የሚበዛው ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ነው፤ ሰው የሚጎርፍበት ወቅትም ያው ነው። ሥራው ማስጎብኘት የሆነ ሰው ይህን እንዴት አያውቅም?

ለድርጅቱ ጻፍኩ። ስለ አስተያየቴ አመስግነው ለዚያው ጉብኝት ቅናሽ ላኩልኝ። እስካሁን ያበሽቀኛል።

ከዚያ በራሴ ታክሲ ይዤ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሼ ሄድኩ። ሌላ ቦታ የሄድኩ ነው የመሰለኝ። ከማዕበሉ ውስጥ በቡድን በቡድን እየወጡ ውኃቸውን ያራግፋሉ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ይነፋፈሳሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ወደየጎጆው ያዘግማል። ድምፃቸው ቁርጥ የአህያ ነው። ከዓይናቸው በላይ ያለው ሮዝ ቆዳ ሲሞቃቸው ደም እየበዛበት ይቀላል፤ ሙቀት የሚያስወጡት በዚያ ነው።

ጎጆ ያልኩት ቁጥቋጦ ሥር ያለ ጉድጓድ ነው። ድሮ በደሴቶቹ ላይ ለዘመናት በተከመረ የወፍ ኩስ ውስጥ ነበር የሚቆፍሩት። ሰው ኩሱን ለማዳበሪያ ዝቆ ወሰደው፤ እንቁላላቸውንም እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሲለቅም ኖረ። አሁን ደግሞ ዓሣውን ይሻማቸዋል። ቦልደርስ ላይ ሰፈራው የተጀመረው በ1982 በሁለት ጥንዶች ነው። በ2024 ግን ዝርያው በአጠቃላይ እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተርታ ተመዘገበ። የቀሩት የሚዋለዱ ጥንዶች ከ10,000 በታች ናቸው። እንግዲህ የሚጨበጨብባቸው እነዚህ ናቸው።

እኔን ከሰማችሁ በቡድን ጉብኝት አትሂዱ። ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በራሳችሁ ሂዱ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ እንቁላል ላይ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ይጥሉና እናትና አባት እየተፈራረቁ ለ40 ቀን ያህል ይታቀፏቸዋል። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ያለው የእግር መንገድም ከዋናው መመልከቻ ይልቅ ፋታ ይሰጣል፤ ጎጆዎቹን ከአጥሩ ባሻገር ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል።

የጉብኝት ማስታወቂያዎች "ከፔንግዊን ጋር ዋኙ" ይላሉ። ቦልደርስ ላይ መዋኘት ይፈቀዳል፤ እኔ ግን አልመክርም። ውኃው ይበርዳል፣ እንስሳውም ከአደን ሲመለስ መንገዱ ላይ እናንተን ማግኘት የለበትም። አንገቱን ወደ ግራና ቀኝ ካወዛወዘባችሁ በቃ ራቁልኝ ማለቱ ነው። ምንቃሩ ሥጋ ይቦጭቃል፣ ቀልድ አይደለም።

መኪና ከተከራያችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ጎማው ሥር እዩ፤ ጥላ ፍለጋ ይገባሉ። ግርግር ካስጠላችሁ ደግሞ ሳይመንስ ታውንን ትታችሁ ቤቲስ ቤይ ያለውን ስቶኒ ፖይንት ሞክሩ። ከኬፕታውን ትንሽ ይርቃል፤ ግን ያው ዝርያ ነው፣ እዚያም የእንጨት መተላለፊያ አለ፣ የሚኒባሱም ጋጋታ ይቀንሳል።