ሞንታርቦው በመጣ በሁለተኛው ሳምንት

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ። ይህን ምስክርነት በቃል ልናገረው ስነሳ ሁሌ ስብከት ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ብዙም ሳይርቅ፣ በኪራይ ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ አዳራሽ ያላት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን አለችን። መጋቢ ሆኜ እጅ ሲጫንብኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ጌታ ሆይ፣ በጎቹን በየስማቸው የሚያውቅ እረኛ አድርገው» ብለው ጸለዩ። ከሁሉም አስበልጬ «አሜን!» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ረሳሁት።

የማልረሳው ድምፄን ነበር። ስሰብክ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል ይሉኛል፤ ይህን ሲሉኝ «ክብር ለጌታ» እላለሁ፣ ውስጤ ግን ክብሩን ቆንጠር አድርጎ ያስቀር ነበር። እሑድ እኔ፣ ረቡዕ እኔ፣ አርብ አዳር ጸሎትም እኔ።

ለ2010 ፋሲካ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ካልተገዛ ብዬ ሽማግሌዎቹን አስጨነቅኋቸው። ልብስ ሰፊ የሆኑት ሽማግሌ «መጋቢ፣ የሁለት ወር ኪራይ አለብን። አዳራሹም ከጥግ እስከ ጥግ ሠላሳ እርምጃ ነው። ለማን ነው የምንጮኸው?» አሉ። እኔም በሰው ፊት «ራእይ የሌለው ሽማግሌ ለቤተ ክርስቲያን ሸክም ነው» አልኳቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ሞንታርቦው ተገዛ።

በመጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ስብከቴ መሐል ላይ ድምፄ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀደደ። ሻይ በማር፣ ዝንጅብል፣ ዳማከሴ፣ ሁሉንም ሞከርኩ። በመጨረሻ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ አየና፣ መዶሻ የሚይዝ ሰው መዳፉ እንደሚጠጥር ሁሉ የድምፅ አውታሮቼ ላይም ከጩኸት ብዛት ትንንሽ እባጮች እንደወጡ ነገረኝ። ዝም በል አለኝ። ማንሾካሾክም ይጎዳልና እሱም ይቅር አለ። «እኔ እኮ ሥራዬ መናገር ነው» ልለው ስል እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

ጾም ጸሎት ታወጀ። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ አገልጋይ ጉባኤው ፊት አቆመኝና እጁን ጉሮሮዬ ላይ ጭኖ «ተፈውሷል! ሃሌሉያ በል!» አለኝ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም ያለኝን ኃይል ሁሉ አሰባስቤ ጮኽኩ፤ የወጣው ግን እንደ ዛገ በር ዓይነት ድምፅ ነው። እልልታው ቀስ እያለ ሲሞት መስማት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሰውየው «እምነት ይጎድለዋል» ብሎ አለፈ። እኔ ጓሮ ሄጄ ያለ ድምፅ አለቀስኩ። በፈውስ አምናለሁ፣ ዛሬም። የዚያን ዕለቱን ግን እንዳልተፈወስኩ እያወቅሁ ነበር የጮኽኩት፤ ሕዝቡን ላለማሳፈር ብዬ ዋሸሁ።

እናቴ ዘጌ ናት፣ ኦርቶዶክስ። በጀልባ ተሻግራ በጄሪካን ጸበል ይዛልኝ መጣች። «ልጄ፣ አትጠጣው እንደሆን ከደጅህ ይቀመጥ» አለች። ጠጣሁት ወይስ አልጠጣሁትም? እሱን ለእኔና ለእናቴ ተዉልን።

እሑዶቹን ልብስ ሰፊው ሽማግሌ፣ አንዲት አስተማሪ እህትና አንድ የፖሊቴክኒክ ተማሪ እየተቀባበሉ ሰበኩ። ሳይጮኹ። ሰውም አልቀነሰም፤ እውነቱን ልናገርና ይህ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ሐሳቤን በወረቀት ስለምጽፍ ክርክሩን አልደርስበትም፤ ሦስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው በአንድ ሰዓት አለቀ። ከስብሰባ በኋላ ለልብስ ሰፊው «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሸክሙ እኔ ነበርኩ» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። አንብበው አጠፉትና መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስገቡት።

ቤት መዋል ሲሰለቸኝ ደብተር ይዤ የምእመናንን ቤት ማንኳኳት ጀመርኩ። 1ኛ ጴጥሮስ 5 ላይ ሐዋርያው ሽማግሌዎችን ስለ መንጋው ሲመክር «ጎብኙት» ይላል። እዚያ ቦታ ቃሉ ከመጠየቅ ይልቅ መጠበቅና መከታተል እንደሆነ ተምሬአለሁ፤ እኔን ያዝ ያደረገኝ ግን በእኛው አማርኛ ነው። ስንት ዓመት ሰበክሁት፣ መቼ ጎበኘሁት?

ሐይቁ ዳር አሳ የምትጠብስ እህት አለች። እኔ የማውቃት በስተኋላ ተቀምጣ በማንቀላፋቷ ነበር፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ አሳ ልትረከብ እንደምትወርድ የሰማሁት ያኔ ነው። አንድ ወንድም ደግሞ፣ አሥጋሪ፣ እምቦጭ ውስጥ ገብቶ የተቦጫጨቀ መረቡን ዘርግቶ ዕዳውን ቆጠረልኝ። ምክር ልሰጥ አፌን እከፍትና ትዝ ሲለኝ እዘጋለሁ። አብሬው መረብ ጠገንኩ፤ ቋጠሮዬ አያምርም፣ እሱ በኋላ ፈትቶ ሳይሠራው አልቀረም። የእያንዳንዱን ስም፣ የልጆቹንም፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሐምሌ ሲያልቅ 143 ስም ሞላ። ያን ሌሊት ደብተሩን ሳገላብጥ ነው ያ የረሳሁት ጸሎት ድንገት የመጣብኝ። «በየስማቸው የሚያውቅ»። ደነገጥኩ። ድምፄን መልስ ብዬ ጌታን አራት ወር ሙሉ ስጨቀጭቀው፣ እሱ ቀድሞ አሜን ያልኩበትን እየመለሰልኝ ነበር።

ድምፄም መጣ። የቡሄ ዋዜማ የሰፈር ልጆች ጅራፋቸውን ይዘው ደጄ ላይ ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ ሳላስበው ከውስጥ «ሆ!» ብዬ ተቀበልኳቸው። ባለቤቴ የያዘችውን ሰፌድ ጣለች። የመጋቢ የመጀመሪያ ቃል «ሃሌሉያ» ቢሆን ለምስክርነት ያምር ነበር፣ ምን ላድርግ፣ «ሆ» ነው። ሐኪሙም አይቶ እባጮቹ እንደጠፉ አረጋገጠልኝ። አሁን ድምፄ ትንሽ ሻካራ ነው፤ በወር ሁለት እሑድ ብቻ እሰብካለሁ።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ አባት አሉ። የማሽኑ ጩኸት ጆሮአቸውን ከደፈነው ቆይቷል። ለስንት ዓመት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ከስብከቴ አንድ ቃል ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው ይመለሱ እንደነበር የነገሩኝ በዚያ ክረምት ነው፤ ሞንታርቦውም ደረታቸውን ከማንቀጥቀጥ በቀር የፈየደላቸው የለም። በደብተር ግን አብረን ስናወራ ይመሻል። ድምፄ በተመለሰ ሳምንት ሄድኩና ጆሮአቸው ላይ ጎንበስ ብዬ «አባባ፣ ጌታ መለሰልኝ!» አልኳቸው።

«ምን?» አሉ፤ መነጽራቸውን አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ። «ደብተሩን አምጣው።»