ጋቢው ይውለቅ፣ ዱላው ይቆይ

ዛሬ ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ሲሰብር ነው የዋለው። እንዲህ ባለ ቀን የታካሚን የሰውነት ሚዛን ስትመረምሩ መጀመሪያ እግር ይሙቅ። ውስጥ እግር ሲቀዘቅዝ ስሜቱ ይደነዝዛል፣ ጤነኛውም ይወዛወዛል።

ሮምበርግ (ቆሞ ሚዛን የመጠበቅ ፈተና) ላይ ጫማ ይወልቃል፣ እግሮች ይጋጠማሉ፤ 30 ሰከንድ ዓይን ተከፍቶ፣ 30 ሰከንድ ተጨፍኖ። ታካሚዎችን ጋቢ እንደለበሱ የሚያቆም ባለሙያ አለ (እጃቸው ምን እየሠራ እንደሆነ በምን ሊያይ ነው?)። ከጎን ቆማችሁ ለመደገፍ ተዘጋጁ እንጂ አትንኩ። ዓይን ሲጨፈን ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ እግር ስሜት ወይም ወደ ውስጠኛው ጆሮ ነው። ዓይን ተከፍቶም መቆም ካቃተ ትንሹን አንጎል (ሚዛንና የእንቅስቃሴ ቅንጅትን የሚመራውን) አስቡ፤ ጣት ወደ አፍንጫ፣ ተረከዝ በቅልጥም ላይ ማስኬድ ይጨመር።

ቀጥሎ ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መቀመጥ። አረጋዊ ላይ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ። ዱላ የለመደ በዱላው ይሂድ፣ ካርዱ ላይ ግን ይጻፍ። «አባባ፣ ፈጠን ይበሉ» ማለት ልኬቱን ያበላሻል፤ «እንደ ወትሮዎ ይሂዱ» ነው የሚባለው። እኔ ከሰዓቱ ይልቅ የማምነው መዞሪያዋን ነው፦ እግሩ መሬት ላይ የተጣበቀ ይመስል በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሰው በ11 ሰከንድ ቢጨርስም ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል በሽታ) ይታሰብለት።