ኢሶፋጎጋስትሮዱኦዴኖስኮፒን ከጭራው ያዝኩት

ሐዋሳ ውስጥ የኢንዶስኮፒ ክፍል ነርስ ሆኜ በተመደብኩ ሰሞን ካሜራ ባለው ቱቦ በአፍ ተገብቶ እስከ ቀጭን አንጀት መነሻ የሚታይበትን ምርመራ ሁሉም ሰው «ኢንዶስኮፒ» ወይም በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኢጂዲ» ብሎ ያሳጥረው ነበር። እኔ ግን ሙሉ ስሙን፣ ኢሶፋጎጋስትሮዱኦዴኖስኮፒን፣ ሳልይዝ ማለፍ አልፈለግሁም። በየቀኑ የምሠራውን ነገር በስሙ መጥራት ለሙያዬ የምሰጠው ክብር ነው።

ቃሉን የጀመርኩት ከመጨረሻው ነው። «ስኮፒ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን ማየት፣ መመልከት ማለት ነው። ይህ ከታወቀ የሚቀረው ምን ይታያል የሚለው ነው። «ኢሶፋጎ» የምግብ ቧንቧ፣ «ጋስትሮ» ጨጓራ፣ «ዱኦዴኖ» የቀጭን አንጀት መነሻ የሆነው ዱኦዴነም ነው። ዱኦዴነም ስሙን ያገኘው በላቲን ከአሥራ ሁለት ነው፤ የጥንት ሐኪሞች ርዝመቱን በ12 ጣት ወርድ ስለገመቱት። ሦስቱ አካላት በቃሉ ውስጥ የተሰለፉት ቱቦው በአፍ ገብቶ በሚወርድበት ቅደም ተከተል መሆኑን ሳይ በጣም ደስ አለኝ።

አጠራሩ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። በፊደላችን ከፋፍዬ ጻፍኩት፦ ኢ-ሶ-ፋ-ጎ-ጋስ-ትሮ-ዱ-ኦ-ዴ-ኖስ-ኮ-ፒ። 12 ክፍለ ቃል አለው። አናባቢው አብሮ ስለሚጻፍ ፊደላችን ለዚህ ይመቻል። የማያሳየው የድምፁ ጉልበት የት እንደሚያርፍ ነው። በአማርኛ ሁሉንም በእኩል ጉልበት እንላቸዋለን፤ እንግሊዝኛ ግን በ«ስኮፒ» በሚያልቁ ቃላት ጉልበቱን ከኋላ ሦስተኛው ክፍል ላይ ያሳርፋል። ጋስትሮስኮፒ «ትሮስ» ላይ፣ ኮሎኖስኮፒ «ኖስ» ላይ፣ የኔውም «ኖስ» ላይ። «ኮ» ብለን የምንጽፋት ደግሞ ሲነገር ወደ «ከ» ትጠጋለች። «ኖስ»ን አሰመርኩበትና ከኋላ እየጨመርኩ ጮክ ብዬ አልኩት፦ ኖስኮፒ፣ ዴኖስኮፒ፣ ዱኦዴኖስኮፒ፣ እያለ እስከ ቃሉ መጀመሪያ። ከፊት ስጀምር መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ከኋላ ሲሆን ግን የምደርሰው ሁሌ ወደማውቀው ነው።

አሁን ሌሎችንም በጭራቸው ነው የማነባቸው፤ እዚህ ላይ ጆሮ ንቁ መሆን አለበት። ጋስትሮቶሚ ጨጓራን መቅደድ፣ ጋስትሮስቶሚ በጨጓራ ላይ መመገቢያ ቀዳዳ ማበጀት፣ ጋስትሬክቶሚ ጨጓራን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት «ስ» ብቻ ናት፤ በስልክ ትእዛዝ ስቀበል ቃሉን ደግሜ ሳልጠራና ሳላረጋግጥ አልጽፍም።

በቅርቡ አንዲት እናት «ሲስተር፣ ሆዴን ልትቀድዱኝ ነው?» አሉኝ። «አይ እናቴ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍዎ ገብቶ የምግብ ቧንቧዎን፣ ጨጓራዎንና የአንጀትዎን መጀመሪያ ያያል። ካስፈለገ ትንሽ ናሙና ይወስዳል እንጂ ሆድዎ አይቀደድም» አልኳቸው።