እድር ስንት ብር ያወጣል?

«ሀብት» የሚለው ቃል የመጣው «ወሀበ»፣ ሰጠ ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ስጦታ እንደማለት። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች ይህን ጥንታዊ ትርጉም እስከዛሬ ይዘውታል። «ባለጸጋ»ም ያው ጸጋ ያለው ነው። እድርም እንዲህ ያለ ሀብት ነው፤ በብር ብቻ አይቆጠርም። የቃሉ ነገር እዚህ ይብቃና ወደ ሒሳቡ እንግባ።

እንበል፣ አንድ እድር በወር 100 ብር ያስከፍላል። በዓመት 1,200፣ በ20 ዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ቤተሰብ ሲሞት የሚሰጠው ደግሞ 15,000 ብር ነው እንበል። ይህን ያሰላ ሰው «ባንክ ባስቀምጠው ይሻለኝ ነበር» ቢል አይፈረድበትም። ድምሩ ልክ ነው፤ ያልተደመረው ግን ብዙ ነው። ለፋፊው ጥሩምባውን ነፍቶ ሰፈሩን ይጠራል፣ ስለዚህ ሐዘንተኛው ስልክ ይዞ ሰው ለሰው መደወል የለበትም። ድንኳኑን ተረኞች ይተክሉታል። ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። እስከ ሠልስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ማታ ማታ ሰው እየመጣ ይቀመጣል። ድንኳንና ወንበር በኪራይ ይገኛል፣ ወጥ ሠሪም በቀን ሒሳብ ይቀጠራል። ማታ መጥቶ ዝም ብሎ አብሮ የሚቀመጥ ጎረቤት ግን በኪራይ አይገኝም።

ስለዚህ የእድር መዋጮ የሚከፈለው በሁለት ዓይነት ነው፤ በብርና በእግር። በቀብር ላይ ስም የሚጠራውና የቀረው የሚቀጣው ለዚህ ነው። በየጊዜው ቅጣቱን እየከፈለ የሚቀር አባል ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል፤ ቅጣቱ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ያዋጣዋል። ደንባቸው ጠንከር ያለ እድሮች ተደጋጋሚ ቀሪን እስከማሰናበት የሚሄዱት፣ ሁሉም እንደ እሱ ቢያደርግ ከእድሩ የሚተርፈው ብሩ ብቻ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

እድር የሚበላሸው በሌብነት ብቻ ሳይሆን በችላ ባይነትም ነው። አንዱ ጠብ ከቤተሰብ ዝርዝር ይነሳል። ሙሉ ክፍያ ለማን ነው? ለባል፣ ለሚስትና ለልጅ መሆኑ ብዙ አያከራክርም። ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእህት፣ ለአማት ግን እንደየደንቡ ይለያያል፤ አንዳንዱ ቀንሶ ይሰጣል፣ አንዳንዱ አይሰጥም። አባል ሲገባ ያስመዘገባቸውን ስሞች ለዓመታት ሳያይ ይቆይና፣ አብራው የምትኖረው አክስቱ ስታርፍ ስሟ መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ጸሐፊው ጋ ሄዶ የራስን ገጽ ማየት ግድ ነው፤ የተወለደ ይጨመራል፣ አግብቶ የወጣ ይሰረዛል።

ሁለተኛው ችግር የገንዘቡ አቀማመጥ ነው። ባንክ ተቀምጦ የቆየ ብር በኑሮ ውድነት ይበላል፤ ዛሬ 15,000 ብር የሚገዛውን ከአሥር ዓመት በኋላ አይገዛም። ድንኳንና ወንበር ገዝተው ለሠርግ የሚያከራዩ፣ አዳራሽ የሠሩ እድሮች አቅማቸውን በተሻለ ይዘው ይቆያሉ። ዕቃም ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ድንኳን እርጥብ እንዳለ ከታጠፈ ይሻግታል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲዘረጋ ስፌቱ ላይ ይቀደዳል። ብርጭቆ ሲወጣም ሲመለስም ተቆጥሮ ካልተፈረመበት በየለቅሶው ጥቂት ጥቂት ይጎድላል። ወንበሩ ጀርባ ላይ የእድሩን ስም በቀለም መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሁለት ለቅሶ በአንድ ቀን ሲገጥም ጥቅሙ ይታያል። ሦስተኛው ፊርማ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ገንዘብ ማውጣት የሚችልበት እድር፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ፣ እሱ የታመመ ዕለት ለቅሶ ቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል።

በእቁብ ዘንድ ይኸው የሰው ሀብት ሌላ መልክ አለው፤ ዋስ ይባላል። 20 ሰው በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል ዕጣው 20,000 ነው። መጀመሪያ የወጣለት ሰው የራሱ 1,000 ብር ብቻ ነው፤ 19,000ው ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው። የመጨረሻው ደግሞ ለ19 ሳምንት አበዳሪ ሆኖ ይከርማል። ለዚህ ነው ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ የሚጠራው፤ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። ነገ እቁብ ቢወጣልኝ ሳያንገራግር የሚፈርምልኝ ማነው ብሎ ስሞቹን በወረቀት መጻፍ፣ እንደ ባንክ ሒሳብ መግለጫ የሚታመን ቆጠራ ነው። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ ቢያሳስብ ተገቢ ነው።

በገበሬው ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ማረስ አይችልም፤ ቀንበር ሁለት ይፈልጋል። መቀናጆ ያለው ግን የጎረቤቱን አንድ በሬ ከራሱ ጋር አጣምሮ፣ ቀን እየተፈራረቁ ሁለቱም ያርሳሉ። ከጎረቤቱ የተጣላ ዕለት በሬው አልሞተም፣ እርሻው ግን ቆመ።

ይህ ሀብት ክፉኛ የሚጎዳው ቤት ሲቀየር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎች በየአቅጣጫው ሲበተኑ እድሮቻቸውም ዕጣቸው ያው ነበር። ለተነሳ ሰው የሚካካስለት ቤቱ እንጂ እድሩ አይደለም። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ውዝፍ መክፈል፣ ከቻሉ የከፈሉበትን ዘመን የሚገልጽ ደብዳቤ ከጸሐፊው መቀበል፣ በነባሩ እድር መቀጠል ከፈለጉም መዋጮውን የሚያደርስና የለቅሶ ጥሪ የሚያሰማ አንድ ሰው እዚያው ሰፈር ማስቀመጥ ነው። ኪሎ ሜትሩ ሲረዝም ግን ብሩ ይደርሳል፣ እግሩ አይደርስም፤ ቅጣቱም ይከማቻል።

አዲሱ ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ቶሎ መመዝገብ ይሻላል። እድሩ ሲጀመር የተጠራቀመ ንብረት ስለሌለው መግቢያው ትንሽ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሰው ግን በብዙ እድሮች ደንብ ያለው ገንዘብና ዕቃ ለነባር አባላት ተካፍሎ የሚደርሰውን ያህል ይጠየቃል፤ ከፍሎም የተወሰኑ ወራት እስኪያልፉ ምንም አያገኝም።