የጥበብ ክበብ ልታቋቁሙ ነው? ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ከመቆረጡ በፊት ዕቃውን እዩት

ይህን የምጽፈው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የሥዕል፣ የሙዚቃና የቲያትር ክበብ ለመጀመር ላሰባችሁ መምህራን ነው። በተለይ ለመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን። እኔ ስጀምር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ተማሪዎቼ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የማይቃኝ ክራር ታቅፈው አይቀመጡም ነበር።

የማስተምረው አማርኛ ነው። ልጆቹ እስከ 8ኛ ክፍል የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ተምረው ይመጣሉ። መጽሐፍ አለው፣ ክፍለ ጊዜ አለው፣ ውጤት ይያዝበታል። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ያ ትምህርት የለም። አንድ ልጅ 12ኛን ጨርሶ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወይም አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ልግባ ቢል ግን የተግባር ፈተና ይጠብቀዋል። በመሃል ያሉትን ዓመታት ማን ያለማምደው? ያለው ቤተሰብ ከፍሎ ያስተምራል። የሌለው ቤተሰብ ልጅ ተስፋው ክበብ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ክበብ እንደ ትርፍ ነገር ሲታይ የሚያንገበግበኝ።

ማቋቋሙ ከባድ አይደለም። ዕቅድ ጽፋችሁ ለርዕሰ መምህሩ ታስገባላችሁ፣ ማስታወቂያ ትለጥፋላችሁ፣ ባዶ ክፍል ትጠይቃላችሁ። ለእኛ የተሰጠን የተሰበሩ ዴስኮች የሚከማቹበት ክፍል ነበር፤ ከልጆቹ ጋር አጽድተን ገባን። ስትመዘግቡ ግን "ተሰጥኦ ያላቸውን ለዩ" የሚል ትእዛዝ ከላይ ይመጣል። አትቀበሉት። እኔ የመጣውን ሁሉ ነው የመዘገብኩት። ዛሬ ማሲንቆ አሳምራ የምትመታው ልጅ ስትመጣ በሰው ፊት ድምፅ ማውጣት ታፍር ነበር። ፈትኜ ብመርጥ ኖሮ የመጀመሪያዋ ተሰናባች እሷ ነበረች።

አሁን ወደ ግዢው።

ትምህርት ቤቱ ከውስጥ ገቢው ለክበቡ የተወሰነ ብር ያዘ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ልጆቹ ተሰብስበው ዝርዝር አወጡ፤ ክራር፣ ዋሽንት፣ ማሲንቆ፣ ቀለም፣ ቡሩሽ፣ ሸራ። እኔ አንድ ክራር ሠሪ አውቃለሁ። ሙያውን ከአባቱ የተማረ፣ ክራሩን በራሱ ጣት ሞክሮ፣ ቃኝቶ የሚያስረክብ ሰው ነው። ዋጋውም ደህና ነበር። ከእሱ እንግዛ አልኩ። ደረሰኝ የለውም፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለውም፣ አይቻልም ተባልኩ። ሕግ ነው፣ ይሁን ብዬ ተውኩት። ሦስት ፕሮፎርማ (የነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ) ተሰበሰበ። ያሸነፈው የጽሕፈት መሣሪያ፣ የጽዳት ዕቃና የስፖርት ትጥቅ አብሮ የሚያቀርብ ነጋዴ ነው። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነበር፣ በቃ፣ ሌላ የታየ ነገር የለም።

ዕቃው የመጣው እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው። የጠራኝ የለም። ተረካቢዎቹ ቆጠሩ፣ ቁጥሩ ልክ ነው አሉ፣ ሞዴል 19 ተቆረጠ፣ ክፍያውም ሄደ። እኔ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ከንብረት ክፍል ወጪ አድርጌ ካርቶኑን ልጆቹ ፊት ስከፍተው ወዲያው ገባኝ። ክራሮቹ ለቱሪስት የሚሸጡት ዓይነት ናቸው። ዛጎልና ጨሌ ተለጥፎባቸዋል፣ ቆዳው በቀለም አሸብርቋል፣ ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ያምራሉ። መቃኛቸው ግን አይጨብጥም። ክሩን ወጥራችሁ ትዝታ ቅኝት ላይ ስታቆሙት ልጁ አንዱን ዜማ ሳይጨርስ ይረግባል። ባቲም ሞክሩ አምባሰል ያው ነው። የዋሽንቶቹ ቁመት ደግሞ የተለያየ ነው። ዋሽንትን እንደ ክራር አጥብቆ አላልቶ መቃኘት አይቻልም፤ ድምፁን የሚወስነው ቁመቱና የቀዳዳዎቹ ቦታ ነው፤ ዋሽንት ተጫዋቾች ብዙ ዋሽንት በአንድ ማኅደር ይዘው የሚዞሩትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ልጆቹ አንድ ላይ መንፋት አልቻሉም። ቀለሙ የሕፃናት የውሃ ቀለም ሆኖ መጣ። ቡሩሹ የግድግዳ መቀቢያ።

መልሱልኝ ብዬ ሄድኩ። ንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ ላከኝ፣ ፋይናንስ ወደ ግዢ፣ ግዢ ደግሞ ተመልሶ ወደ ንብረት ክፍል። የግዢ ባለሙያው ወረቀቴን አውጥቶ አሳየኝ። "መምህር፣ የጠየቁት ክራር ነው፤ የመጣውም ክራር ነው" አለኝ። ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላ ዕቃው ገቢ የሆነ ንብረት ነው፣ መመለስ የሚባል ነገር የለም አለ። ከእሱ በላይ ያለው ኃላፊ ዘንድ ስገባ የሰማሁት ይባስ አበሳጨኝ፦ "ለክበብ እኮ ነው፣ ይሄ ምን አነሰው?" ይህች ቃል እስከ ዛሬ ደሜን ታፈላዋለች። ለባዮሎጂ ላቦራቶሪ የማያሳይ ማይክሮስኮፕ ቢመጣ እንዲህ ብሎ የሚመልስ ኃላፊ አለ? ለጥበብ ሲሆን ግን ስሙ ከተገኘ ይበቃል።

በኋላ የግዢ መመሪያውን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሁሉም "ርካሹን ነው መግዛት ያለብን" ይላችኋል። ርካሹን ብቻ አይደለም። መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው የሚያሸንፈው። ችግሩ መስፈርት የሚጽፍ የለም። የጥያቄ ቅጹ ላይ ያለው የዕቃው ስም፣ መለኪያና ብዛት ነው፤ ሌላ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ ሌላ ወረቀት አባሪ አድርጉ። ክራር ስትሉ ለመጫወቻ የተሠራ እንጂ ለጌጥ ያልሆነ፣ ባለ 6 ክር፣ ተቃኝቶ ሳይረግብ የሚቆይ፣ በሙያው ሰው ተሞክሮ የሚረከብ ብላችሁ ጻፉ። ዋሽንት ከሆነ ሁሉም እኩል ቁመትና አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው በሉ። ቡሩሽ የሥዕል መሆኑን ከነቁጥሩ ጥቀሱ። ቀለም አክሪሊክ ከሆነ አክሪሊክ በሉ። ናሙና ይቅረብ የሚል አረፍተ ነገር አትርሱ። ከሁሉም በላይ ርክክቡ ላይ እንድትገኙ በደብዳቤ ጠይቁ፣ ቁጥር አስመቱበት፣ ኮፒው እናንተ ጋ ይቅር። የቃል ስምምነት ዋጋ የለውም። ጥያቄውንም ጥቅምት ሳያልቅ አስገቡ። በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ብሩ እንዳይመለስ ብቻ ነው የሚሮጠው፤ በዚያ ጥድፊያ ክራር የሚመርጥ ሰው አታገኙም።

ክራሮቹን ለማዳን ወላጆች አዋጡ። ያ የማውቀው ክራር ሠሪ መቃኛቸውንና ክራቸውን ቀይሮ የሚሆኑትን አስነሳቸው። የቀሩት ሰውነታቸው ራሱ አልቻለም። ከዚያ በኋላ "ንብረት ያለ ፈቃድ ተነካ" ተብዬ በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ተጠየቅሁ። ሰጠሁ። ደግሜም አደርገዋለሁ።

ሥዕሉን ግን ያለ ግዢ ነው ያስጀመርነው፤ በዚህም እኮራለሁ። ከሰል ከየቤቱ መጣ። አቡጀዲ ገዝተን በአሮጌ ዴስክ እንጨት ላይ ወጠርን፣ በቀጠነ ኮላ ቀባነው፣ ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ቀለም ደረብንበት። ጥሩ ሸራ ወጣው። አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነኝ፦ ከስልክ ላይ ፎቶ መገልበጥ በእኛ ክፍል ክልክል ነው። ልጆቹ አኩርፈዋል። የዘፋኝ ፊት አሳምሮ የሚገለብጥ ልጅ ፊቱ ጀበና ሲቀመጥለት መጀመር ያቅተዋል፤ የተግባር ፈተና ላይ ደግሞ የሚቀመጥለት ዕቃ ወይም ሰው ነው። ስለዚህ ጀበና፣ ወንበር፣ የጓደኛ እጅ እያዩ ይሥሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዷቸው። አብዛኛው ሰው ሉሲን አይቶ ይመለሳል። ፎቅ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አሳዩአቸው፤ ሁሉንም ሳይሆን አንዱን መርጠው ፊቱ ተቀምጠው ይቆዩ።

ቲያትር ከሁሉም ቀላል ነው፣ ዕቃ አይፈልግም። የሚፈልገው ነፃነት ነው፣ እሱም በቀላሉ አይገኝም። በጥቅምት የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው፣ ኅዳር 22 የኤድስ ቀን ነው፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነው፤ በየበዓሉ "ክበቡ አንድ ነገር ያቅርብ" ይባላል። እንዲህ ሲሆን ልጆቹ መፈክር ተናጋሪ ይሆናሉ። እኔ በሴሚስተር አንድ በዓል ብቻ እንሠራለን ብዬ ድርቅ አልኩ። ቀሪውን ጊዜ የራሳቸውን ታሪክ ጻፉ። ዐረብ አገር ያለች እናቱ በስልክ እያወራች ስለምታሳድገው ልጅ የሠሩት አጭር ድራማ ላይ መምህራን ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሱፐርቫይዘሩ "መልእክቱ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አልቀየርነውም።

ባለፈው ዓመት ከክበቡ አንድ ልጅ የሙዚቃ የተግባር ፈተናውን አልፎ ገብቷል። የተለማመደው በተጠገነው ክራር ነው። ዘንድሮ ጥያቄዬን በመስከረም አስገብቻለሁ፤ ከነመስፈርቱ፣ ሦስት ገጽ ሆኖ። የተረካቢ ኮሚቴው ዝርዝር ላይ ስሜ አለ፣ የዋሽንቱን ድምፅ የሚያረጋግጥ የሙዚቃ ባለሙያም አብሮኝ እንዲገባ በደብዳቤ ተፈቅዷል። ፕሮፎርማው እየተሰበሰበ ነው።