ውድ «የደራሲው ስም»

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደውሎ «ያ መጽሐፍ ምን ደረሰ? ፈረንጅ እኮ ጎበዝ ደራሲ ካገኘ አይለቅም!» አለኝ። አልፈርድበትም። እኔም ወደ ውጭ አገር ሳልመጣ እንደዚያ ነበር የማወራው።

የእኛ አገር አዘጋጅ ጽሑፍህን ካልወደደው ወይ ፊት ለፊት ያወርድብሃል፣ ወይ «ሳምንት ብቅ በል» እያለ ያመላልስሃል። የዚህ አገር አዘጋጆች ግን እምቢ ሲሉህም ያመሰግኑሃል። «ሥራህን እንድናነብ ስለላክህልን ደስ ብሎናል፤ በአሁኑ ወቅት ግን ለእኛ የሚሆን አይደለም።» ምን ብለህ ትናደዳለህ? አንዳንዴ ሰድቦ የሚሸኘኝ አዘጋጅ ያምረኛል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ወራት የጠበቅኩት መልስ ነው። የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ዕቃ ክፍል ገብቼ፣ ጓንቴን አውልቄ ኢሜይሉን ከፈትኩት። «ውድ» ይላል፤ ቀጥሎ በቅንፍ «የደራሲው ስም»። ስሜን መሙላት ረስተውታል! እሺ፣ ጽሑፌ አልተወደደም፤ ስም እንኳ ይንፈጉኝ? ወረድ ስል ደግሞ «ግጥምህን በጥሞና አንብበናል» ይላል። የላክሁት አጭር ልብ ወለድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ምነው፣ ክፉ ወሬ ነው?» ሲለኝ «የባንክ ማስታወቂያ ነው» ብዬ ጓንቴን አጠለቅኩ።

አሜሪካዊው የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ ስቲቨን ኪንግ በልጅነቱ የእምቢታ ደብዳቤዎቹን ግድግዳ ላይ በመታው ሚስማር ይሰካ ነበር። 14 ዓመት ሲሆነው ሚስማሩ አልችል ስላለ በትልቅ ቀየረው። እሱስ የሚሰካው ወረቀት ነበረው፤ ኢሜይል በምን ይሰካል?

«ውጭ ወጥቼ በብዕሬ እኖራለሁ» የምትሉ ልጆች፣ መጀመሪያ ሌላ እንጀራ ያዙ። አብዛኛው የእምቢታ ደብዳቤ ለሁሉም የሚላክ ቅጂ ስለሆነ መስመር በመስመር አትፈትሹት። ጭራሽ የማይመልሱም ሞልተዋል። የገጸ ባሕርያችሁን ስም ጠርተው አስተያየት ከሰጡ ወይም «ሌላ ሥራ ካለህ ላክልን» ካሉ ግን ይሉኝታ አይምሰላችሁ። የሚነበብ ክምር ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ካልፈለጉ አይጠይቁም። ሳይረሷችሁ ላኩ።

አንዳንድ መጽሔት የላካችሁትን ለማንበብ ጥቂት ዶላር ያስከፍላል፤ ሲደጋገም ኪስ ያራቁታል። ጽሑፋችሁን ሰማይ አድርሶ «ማሳተሚያውን ክፈልና እናወጣዋለን» ከሚል ደግሞ ሽሹ። ደህና አሳታሚ ለደራሲው ይከፍላል እንጂ ከደራሲው አይቀበልም።

አንድን ታሪክ ለብዙ መጽሔት ባንዴ መላክ ይቻላል፤ ብቻ ደንባቸውን አንብቡ፣ የሚከለክሉ አሉ። አንዱ ከተቀበላችሁ ለቀሩት ወዲያው ጽፋችሁ ሥራውን ማንሳት አለባችሁ። ያ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ግን ሌላ ሰው ጠይቁ።