ስም ለቀማ

ዛሬ ምስር እንደሚለቅም ሰው አቀርቅሬ ከዳታቤዝ ኮድ ውስጥ የፓራሜትር (ኮዱ ከውጭ የሚቀበለው ዋጋ) ስም ስለቅም ዋልኩ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። አንድ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠ ኮድ) የአንድ ደንበኛ ስልክ ቀይር ሲባል የሁሉንም ቀየረው። ኮዱን ስከፍተው ፓራሜትሩም «ከስተመር አይዲ» (የደንበኛ መለያ)፣ የቴብሉ ኮለምም (የሰንጠረዡ ዓምድ) «ከስተመር አይዲ»። ዳታቤዛችን ማይኤስኪውኤል ደግሞ ስም ሲጋጭበት የሚያዳላው ለፓራሜትሩ ነው። ስለዚህ «ዌር» (የትኛው መስመር እንደሚቀየር የሚወስነው ቦታ) ላይ ያለው ራሱን ከራሱ ጋር ማወዳደር ሆነ። ሁሌም እውነት! ሌላው ዳታቤዝ ኦራክል ቢሆን ለኮለሙ ያዳላ ነበር፣ ጥፋቱ ግን ያው ነው። ሌላኛው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ከስሪት 9.0 ወዲህ «የቱን ማለትህ ነው?» ብሎ ኤረር ይሰጣል፣ እግዜር ይስጠው።

ባክአፕ ስለነበረ ተረፍን።

ከዚያ ከኮለም ስም እንዲለይ ፓራሜትር ሁሉ በ«ፒ» እና በአንደርስኮር (p_) ይጀምር ተባለ። ማጣራቱ ለኔ ደረሰ። ኢንፎርሜሽን ስኪማ (ዳታቤዙ ስለራሱ የሚመዘግብበት ቦታ) ውስጥ «ፓራሜተርስ» የሚባል አለ፣ የፕሮሲጀሩም የፈንክሽኑም ፓራሜትር እዚያ ተዘርዝሯል። በ«ኖት ላይክ» («የማይመስለውን አምጣ») በ«ፒ» እና በአንደርስኮር የማይጀምሩትን የሚያወጣ ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ) ጻፍኩ፣ ጥቂት ብቻ መጣ። ደስ ብሎኝ ቡና አዘዝኩ።

ቡናው ሳያልቅ «ፎን» የሚል ፓራሜትር እንዳለ ትዝ አለኝ። ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለካ ላይክ ውስጥ አንደርስኮር ማለት «የፈለገው አንድ ፊደል» ነው! «ፎን»ም «ፕራይስ»ም በእንግሊዝኛ በፒ ስለሚጀምሩ ሾልከው አልፈዋል። አንደርስኮሯ ራሷን ብቻ እንድትወክል ከፊቷ ባክስላሽ ጨምሬ ደገምኩት። ዝርዝሩ ረዘመ፣ ቡናዬም ቀዘቀዘ።

«ፎን»ን ማን እንደጻፈው ሳይ ደግሞ... እኔው ነኝ። የቡድናችን ልጆች፣ ይቺን አላነበባችሁም።